ባዶው ሳህን

ሲኔቫ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው በሰሜን ኖርዌይ ባለች ትንሽ ደሴት፣ ከባሕሩ ዳር በተሠራ ቢጫ ቤት ውስጥ ነው። እናንተ በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ፣ ቀረብ በሉ። ይህን ታሪክ ጮክ ብዬ ልነግራችሁ አልፈልግም።

ነገሩ የሆነው ፀሐይ ጨርሳ በማትወጣበት ወር ነው። መቼም ታውቁታላችሁ። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ትንሽ ሰማያዊ ይሆንና መልሶ ይጨልማል። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ጨለማ ነው፤ እራት ስትበሉም ጨለማ ነው። የሲኔቫ አባት በዓሣ ጀልባ ርቆ ሄዷል። እናቷ ማግኒ ከሰዓት በኋላ ወደ ዓሣ ፋብሪካው ትሄድና ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ ትመለሳለች። ስለዚህ በሥራ ቀን እራት የምትሠራው ሲኔቫ ናት። የምታበላውም አምስት ዓመት የሆነውን ወንድሟን ኢቫርን ነው።

ሲኔቫ ባለሙያ ነኝ ባይ ነበረች። ደግሞም ውሸቷን አልነበረም። ዓሣውን ዱቄት ነካ አድርጋ በቅቤ ስትጠብሰው ላዩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው። የዓሣ ሾርባዋም አይጠላም። አንድ ቀን ግን ከተፈጨ ዓሣ የሚድቦለቦል ኩፍታ ልሥራ ብላ የሚያያይዘውን የድንች ዱቄት ረሳችና ሁሉም መጥበሻው ላይ ተበተነባት።

«ይኼ ኩፍታ ነው ወይስ አሸዋ?» አላት ኢቫር።

ቀኑን ሙሉ አኮረፈችው። ሲኔቫ መመስገን ትወድ ነበር። መታረም ግን ያንገበግባት ነበር።

ከጎናቸው እማማ ቶርቦርግ የሚባሉ አሮጊት ይኖራሉ። ባላቸውን ባሕር ከወሰደባቸው ብዙ ዘመን ሆኗል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ የፈላ ውኃ እግራቸው ላይ ፈስሶባቸው ነበርና ከዚያ ወዲህ ምድጃ አይነኩም። ትኩስ ነገር የሚቀምሱት ከሲኔቫ ቤት ሲሄድላቸው ብቻ ነው። እሱ ከቀረ እራታቸው ዳቦ በሻይ ነው።

ምግቡ የሚሄድበት ወግ አለው። ሳህኑ በሌላ ሳህን ይከደናል፣ በፎጣ ይጠቀለላል፣ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣል። ያመጣው ሰው በሩን ሁለት ጊዜ ይመታና ሳይታይ ይሄዳል። እማማ ቶርቦርግ ኩሩ ናቸው፤ ሰው ቆሞ እያየ መቀበል አይወዱም። ጠዋት ሳህኑ ታጥቦ ሲኔቫ ቤት ደጃፍ ላይ ይገኛል። ስለ ሳህኑ ማንም ትንፍሽ አይልም። እናቷ ብቻ በየማታው «ሳህኑን አደረስሽ?» ሳትል አትተኛም።

አንድ ማክሰኞ እናቷ ኮድ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ቆራርጣ አስቀመጠችላት።

«ዛሬ ቅቅል ነው» አለቻት ካፖርቷን እየለበሰች። «ውኃውን ጨው በደንብ አድርጊበት። ሲፈላ ድስቱን ከእሳቱ አውርጂው። ዓሣውን የምትጨምሪው ከዚያ በኋላ ነው። ከድነሽ ተዪው፣ በራሱ ጊዜ ይበስላል። እንዳይንተከተክ!»

«አውቃለሁ እኮ፣ እማ።»

«ማወቅሽንማ አውቃለሁ። መታገሥሽን ነው የምጠራጠረው።»

ውኃው ሲፈላ ከውጭ የልጆች ሳቅ ተሰማ። ባትሪ ግንባራቸው ላይ አስረው ከኮረብታው በሸርተቴ እየወረዱ ነው። ሲኔቫ ድስቱን አየች፤ መስኮቱን አየች። ድስቱን ማውረድ ረሳች ልበላችሁ? አልረሳችም። እሳት ላይ ቢቆይ ቶሎ ይደርሳል ብላ ነው። ዓሣውን ጨመረችና ኢቫርን ይዛ ወጣች።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለችው።

አንድ ጊዜ የሚባለው ስንት ጊዜ እንደሆነ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ሲመለሱ ውኃው ገንፍሎ ምድጃውን አጥለቅልቆታል። ድስቱ ውስጥ ዓሣ የሚባል ነገር የለም። ግራጫ ገንፎ ሆኗል፣ አጥንቱ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል።

«ዓሣው የት ሄደ?» አለ ኢቫር።

«ዝም በል!»

ድስቱን ይዛ ወጣችና ከድንጋዮቹ ላይ ሆና ወደ ባሕሩ ደፋችው። የባሕር ወፎች መጡ። በጨለማው ውስጥ ክንፋቸው ይሰማል፣ አንዱም አይታይም። ሲኔቫ ሮጣ ገባች። እሷና ወንድሟ የነበረውን ዳቦ በአይብ ጨረሱት። ያን ጊዜ ነው ሳህኑ ትዝ ያላት።

በሌላ ድስት የተቀቀለ ድንች ነበረ። ድንችና ቅቤ መላክ ትችል ነበር። ግን ዓሣ የሌለው ድንች ካዩ እማማ ቶርቦርግ ቅቅሉ እንደተበላሸ ይገባቸዋል፤ ባለሙያዋ ሲኔቫም መሳቂያ ትሆናለች። ባዶ ከሆነ ግን ሳህኑ በስሕተት የመጣ ይመስላቸዋል አለች። የሞኝ ሐሳብ ነው። ሰው ሲያፍር እንዲህ ያለ ሐሳብ ነው የሚመጣለት። ባዶውን ሳህን በሌላ ሳህን ከደነች። በፎጣ ጠቀለለች። ደጃፋቸው ላይ አስቀመጠች። ሁለት ጊዜ መታችና ሮጠች።

እናቷ ስትመጣ እንደ ልማዷ ጠየቀች። «ሳህኑን አደረስሽ?»

«አደረስኩ።»

አያችሁ ተንኮሏን? ሳህኑንማ አድርሳለች።

ጠዋት በሩን ስትከፍት ሳህኑ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ታጥቧል። ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ላዩ ላይ ስስ በረዶ ይዟል። ኢቫር ከኋላዋ ብቅ ብሎ ሳህኑን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«ሲኔቫ፣ ምን በልተው ነው ያጠቡት?»

ባዶ ሳህን ለምን ይታጠባል? ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስለዚያ ሳህን ታስብ ነበር።

ረቡዕ ማታ ከባሕሩ ጭጋግ ተነሣና ደሴቲቱን ሸፈናት። ሲኔቫ ዓሣ እየጠበሰች ነበር። ዛሬ ትልቁን ቁራጭ ለእማማ ቶርቦርግ እወስዳለሁ፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል ብላለች። ዓሣውን ስታገላብጥ ድምፅ ሰማች።

ዱም። ዱም።

ቆመች። ጸጥ አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ዱም። ዱም።

«በሩ ነው?» አለ ኢቫር።

«በሩ አይደለም።»

ድምፁ የሚመጣው ከባሕሩ በኩል ነው። ሲኔቫ በመስኮት ተመለከተች። የእማማ ቶርቦርግ መስኮት ጨልሟል። ልጆች፣ እሳቸው በጨለማው ወር ፋኖሳቸውን ከመስኮቱ አንሥተው አያውቁም። ባላቸው ባሕር ላይ ከቀሩ ጀምሮ እንደበራ ነው።

ኢቫር ቀሚሷን ያዘ። «የሰጠመው ሰውዬ ነው» አላት በሹክሹክታ። «ጓደኛዬ ክኑት ነግሮኛል። ባሕር የወሰደው ሰው ሲርበው ቤት ለቤት ያንኳኳል።»

«ክኑት ውሸታም ነው።»

«አንቺስ?»

ዱም። ዱም። ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው። እሷም ትናንት የመታችው ሁለት ጊዜ ነበር። የመታችው ተመልሶ የመጣባት መሰላት።

ከዚያ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ድምፁም ቆመ። ቢጠብቁ ቢጠብቁ ተመልሶ አልመጣም። አሁን ዝምታው ከድምፁ ይልቅ አስፈራት።

መጥበሻውን ከእሳት አወረደችና ወደ ፋብሪካው ስልክ ደወለች። እናቷን ጠሩላት።

«እማ፣ የእማማ ቶርቦርግ መብራት ጠፍቷል። የሆነ ነገርም ሲያንኳኳ ነበር።»

«ነፋሱ ይሆናል፣ የኔ ልጅ። እሳቸውም በጊዜ ተኝተው ነው። ትናንት ማታ ጥሩ እራት በልተዋል፣ ዛሬ ደግሞ ብርድ ነው። አትጨነቂ።»

ሲኔቫ ስልኩን ያዘች። «እሺ» ብትል ማንም ምንም አያውቅም። «እሺ» ብላ ልትዘጋው ነበር እኮ! ግን እናቷ ያልተጨነቀችው በእሷ ውሸት እንደሆነ ገባት።

«እማ፣ ትናንት አልበሉም። ዓሣውን አበላሸሁት። የወሰድኩላቸው ሳህን ባዶ ነበር።»

ከእናቷ ጀርባ የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማል።

«ቶርቦርግ ባዶ ሳህን አይተው አርፈው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም» አለች እናቷ። «ልበሺ። ባትሪ ያዢ፣ ኢቫርንም ብቻውን እንዳትተዪው። ሂጂና እያቸው፣ እኔም መጣሁ!»

ወጡ። ጭጋጉ የባትሪውን ብርሃን ዋጠው። ሲኔቫ የእማማ ቶርቦርግን በር ስትገፋው ተከፈተ። «እማማ ቶርቦርግ!» አለች። ቤቱ ጨለማ ነው። ፋኖሱ ከመስኮቱ ላይ የለም። የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በረዶው ላይ ዱካ አለ። ዱካው ወደ ባሕሩ፣ ደረቅ ዓሣ ወደሚቀመጥበት የእንጨት መጋዘን ይሄዳል። ከመጋዘኑም ቀጭን መንቋቋት ይሰማል።

«እንመለስ» አለ ኢቫር።

እኔ ብሆን እመለስ ነበር። ሲኔቫ ግን የወንድሟን እጅ ጨብጣ ገባች። ባትሪውን ወደ ላይ ስታበራ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ የዓሣ ራሶች አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል። የደረቁ ናቸው፤ ነፋሱ ሲነካቸው እርስ በርስ ይንቋቋሉ። አንድ እርምጃ ሄደች። እግሯ የእንጨት መዶሻ መታ። ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ አንድ ነጭ እጅ ወጥቶ ጫማዋን ያዘ።

ሲኔቫ ጮኸች። ኢቫርም «የሰጠመው ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ።

«ማንን ነው ሰጠመ የምትለው፣ አንተ ጉድ?» አለ ደካማ ድምፅ።

እማማ ቶርቦርግ ነበሩ። በረዶ የያዘው ወለል አንሸራትቷቸው ወድቀዋል። አንድ እግራቸው ከሥራቸው ታጥፏል። ፋኖሱ ተሰብሮ ጎናቸው ወድቋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ሲኔቫ ካፖርቷን አውልቃ አለበሰቻቸው፣ ተንበርክካም እጃቸውን ማሸት ጀመረች። ያን ጊዜ አጠገባቸው ያለውን ጎድጓዳ ሳህን አየች። በዓሣ ቋንጣ ተሞልቷል። ቋንጣው እንደ እንጨት ደርቋል፤ ካልቀጠቀጡት አይበላም። ሁለት ሁለት ጊዜ ሲመቱና ሲያርፉ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«ለእናንተ ነው» አሉ እማማ ቶርቦርግ። «ዓሣ አልቆባችሁ ባዶ ሳህን ስታመጪ ልቤ ተሰበረ። አባታችሁ ባሕር ላይ ነው። እናታችሁ ተሸማቅቃለች አልኩ። እንዳታፍሩ ብዬ እንደበላ ሰው ሳህኑን አጠብኩት። ሌሊቱን ሙሉ የእናንተን ሆድ ሳስብ አደርኩ።»

ልጆች፣ እዚህ ላይ ቆዩ። ሲኔቫ «አዎ፣ አልቆብን ነበር» ብትል በቃ ነበር። እሳቸውም ያምኗታል፣ ይወዷታልም። ከላይ የዓሣ ራሶቹ ይንቋቋሉ።

«አላለቀብንም» አለች እያለቀሰች። «ዓሣ ነበረን። እሳት ላይ ትቼው ልጫወት ወጣሁ። ገንፎ ሆነ። ባሕር ውስጥ ደፋሁት። እንዳይሳቅብኝ ብዬ ነው ባዶውን ያመጣሁት።»

እማማ ቶርቦርግ እጃቸውን ከእጇ አወጡ፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ አሳመማት።

«ገንፎ ሆነ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«አንቺ ልጅ! እኔ እኮ ጥርስ የለኝም! ገንፎውን ታመጪልኝ ነበር!»

ቁጣቸው የምር ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን መልሰው ሰጧት። እናቷና የፋብሪካው ሰዎች መኪና ይዘው ሲደርሱ ሁለቱ ልጆች ግራና ቀኝ አቅፈዋቸው ነበር። ያያቸው ሐኪምም ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ብርዱ ይወስዳቸው ነበር አለ።

እማማ ቶርቦርግ እግራቸው ተጠግኖ፣ ምርኩዝ ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ማታ ሲኔቫ ዓሣ ጠበሰችላቸውና ከመቸኮሏ የተነሣ አሳረረችው። ሳህኑን ይዛ ሄደች፣ በሩን መታች፣ አልሮጠችም። በሩ ተከፈተ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉ እማማ ቶርቦርግ።

«አሳርሬዋለሁ፣ እማማ» አለች ሲኔቫ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ። «ውስጡ ግን ደህና ነው።»

አሮጊቷ ሳህኑን አዩ። እሷን አዩ። በዚያ በር ለብዙ ዓመት ምግብ ሲመጣ ማንንም ግባ ብለው አያውቁም ነበር።

«በይ ግቢ» አሏት። «የተቃጠለውን እየላጥሽ ታጎርሺኛለሽ።»

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን ስትደብቁ በእናንተ ፈንታ የሚጎዳው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና፣ ያበላሻችሁትን በእጃችሁ ይዛችሁ እውነቱን ተናገሩ።