አምስተኛው ጥቅል

አምስተኛው የፊልም ጥቅል ጠፋ። ከማቀዝቀዣው ክፍል፣ ከአራተኛውና ከስድስተኛው መሃል፣ ከነቆርቆሮ መያዣው እብስ!

የድሮ የጦርነት ፊልም ነው። ጭረቱ ተጠርጎ፣ ድምፁ ጠርቶ፣ ሰው ሳሎኑ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ቁልጭ አድርጎ እንዲያየው እየታደሰ ነበር። ሌላ ቅጂ የለውም። አምስተኛው ጥቅል ደግሞ የፊልሙ ነፍስ ነው፤ በላዩ ያለው የድልድይ ውጊያ ተዋናይ የሠራው ሳይሆን እውነተኛ ወታደሮች ሲዋጉ የተቀረጸ ነው።

መርማሪው ችኩል ሰው ነው። ገና በፊልም ማደሻው በር ሲገባ ዘበኛው ዓይኑ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌው ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል።

«አባቴ፣ ቦርሳውን ይክፈቱት።»

«ለብቻችን ብከፍተው አይሻልም?»

«እዚሁ!»

ሠራተኛው ሁሉ ቆሟል። መርማሪው ራሱ ነጥቆ ዘረገፈው። ልብስ ሰፊ ጋ ሊወሰድ የነበረ፣ ኋላው የተቀደደ የውስጥ ሱሪ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። አንዱ ሳቀ። ዘበኛው ጎንበስ ብለው አነሱት።

«ዕድሜ ልኬን የሰው ደጅ ጠብቄ፣ ዛሬ የኔ ገመና ወጣ» አሉ።

መርማሪው ፊቱ ጋለ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ይቅርታ ሳይል ፊቱን አዞረ።

ቀጥሎ የድምፅ ባለሙያውን ጠራ። ከማደሻው ኃላፊ ጋር ተጣልቶ ስንብት ጠይቋል።

«ቂም ይዘሃል አሉ?»

«ይዣለሁ፤ ምን ልደብቅ! ግን እኔ የምሠራው በኮምፒውተር ነው። ፊልሙን በእጄ ነክቼው አላውቅም።»

መርማሪው ከማቀዝቀዣው ክፍል ደጃፍ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ አየ። ላዩ ላይ ክብ የውሃ ምልክት አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሳረፊያችን ነው» አለች ኃላፊዋ። «ከቅዝቃዜ የወጣ ፊልም ወዲያው ከተከፈተ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበውና ይበላሻል። ሙቀቱን እስኪለምድ ከነመያዣው እዚህ ይቆያል።»

«ትናንት የወጣ ነበር?»

«ኧረ የለም! ጠረጴዛውን ራሴ ነኝ ትናንት የወለወልኩት፤ ከዚያ ወዲህ የወጣ የለም…» ክብ ምልክቱን በጣቷ ነካችው።

መርማሪው ገባው። ሌባው የሰረቀውን ፊልም እንዳይታመም አሳርፎታል!

«እዚህ ቤት ፊልም በእጁ የሚነካ ማነው?»

«እኔና ጭረት።»

እሷ ብትሆን የጠረጴዛውን ነገር ባልነገረችው። ጭረት የፊልም ጭረት የሚያጠፋው ልጅ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው።

«ጥቅሉ የት ነው?»

ጭረት አልተከራከረም። «ቤት» አለ።

«ልታጠፋው ከሆነ ለምን አላቃጠልከውም?»

«ፊልም እንዴት ይቃጠላል?» ሲል ደነገጠ፤ የሰረቀው እሱ ሆኖ!

«ታዲያ ምን ልታደርገው ወሰድከው?»

ባለፈው ሳምንት ጥቂቱን ለሙከራ አጽድቶ አጉልቶት ነበር። ስንት ዘመን ጭጋግ የነበረው ምስል ሲጠራ አንድ ወጣት ወታደር ታየው። አንድ ቁስለኛ እግሩን ጭምድድ አድርጎ ይዞታል። ወጣቱ የቁስለኛውን እጅ በጫማው ረግጦ አስለቀቀና ብቻውን ድልድዩን ተሻገረ። ወጣቱ የጭረት አባት ነው። ቁስለኛው የእናቱ ወንድም።

«አባቴ ‹እስኪሞት ድረስ ተሸከምኩት› ነው የሚለው። እናቴ እሱን ያገባችው በዚሁ ምክንያት ነው። ‹ወንድሜን የተሸከመ ትከሻ› እያለች ነው የምትጠራው። ፊልሙ እስኪወጣ ቸኩላለች። በአባቴ አፈርኩ። ዛሬ ደግሞ ዘበኛው በኔ ጥፋት ሲዋረዱ ቆሜ አየሁ። በራሴም አፈርኩ።»

መርማሪውም አፍሯል። ሲወጡ በሩ ጋ ዘበኛው ፊት ቆም አለ።

«አባቴ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይማሩኝ።»

ዘበኛው ሳያዩት በሩን ከፈቱለት።

ጭረት ቤት ሲደርሱ እናትየው ተቀበሏቸው። አባትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ ያ ያስቀመጥኩት ዕቃ…» አለ ጭረት።

እናትየው ከፍሪጅ አውጥተው አመጡት። «ምንድን ነው ግን?»

«የድልድዩ ፊልም ነው።»

«ውይ በሞትኩት! ወንድሜን ነው ከቲማቲም ጋር ያስቀመጥኩት?» ጥቅሉን አቀፉት። «ፊቱ ይታያል?»

አባትየው ልጃቸውን አዩት። ልጁ ወለሉን ያያል።

«ሁሉም ነገር ይታያል?» አሉ አባትየው ቀስ ብለው።

«ቁልጭ ብሎ» አለ ልጁ፣ ቀና ሳይል።

አባትየው ተነስተው ለሚስታቸው ወንበር ሳቡ።

«ነይ፣ ቁጭ በይ» አሉ። «ቴሌቪዥን ከሚነግርሽ፣ ከኔው አፍ ስሚው።»