አራተኛው አኳ

ኦኬዚዬ ሞቶ የተገኘው ፊልም በሚያቀናብርበት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱ በእናቱ ሽርጥ ታንቋል። ከፎቁ በታች ድንኳን ተተክሎ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ኦክፓ የሚሉት የአገሩ ምግብ በቅጠሉ እንደተጠቀለለ እየበረደ፣ የናይጄሪያዋ ኢኑጉ ከተማ ትልልቅ ሰው ሁሉ እሱን ይጠብቃል። ፊልሙ «አኳ» ይባላል። ሦስት ምሁራን በሦስት መነጽር አይተው ሊተነትኑት፣ በመጨረሻም ኦኬዚዬ ራሱ ተነሥቶ የስሙን ትርጉም ሊናገር ነበር ሰው የተጠራው። ሳይናገር ቀረ።

ኢንስፔክተር ኡዞማ ስትደርስ ሳጅን ኢቤ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። የሟቹን ታላቅ እኅት ኦቢያጌሊን በካቴና አስሮ ደረጃው ላይ አስቀምጧታል።

«ማዳም፣ አልቋል» አላት። «ጠዋት በዚሁ ሽርጥ ተጣልተዋል፤ ወጥ ሠሪዋ ሰምታለች። ከሰዓት ደግሞ ዶክተር ፎላሪን ሟቹ ‹አኳ! አኳ!› ሲል በግድግዳው በኩል ሰምተዋል። አኳ ጨርቅ ነው። ጨርቁ አንገቱ ላይ ነው። ምን ቀረ?»

«አንተ ማሰብ ቀረህ።»

«ኦጋው፣ አለቃችን፣ ሳይመሽ ጣቢያ አምጧት ብሏል። እዚያ ከገባች ትናገራለች።»

ኡዞማ ይህን ታውቃለች። እዚያ የገባ ሰው ያደረገውንም ያላደረገውንም ይናገራል፤ ከፈረመ በኋላ ደግሞ የሚሰማው የለም። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ሐርማታን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ባነሣው አቧራ ውስጥ ቀልታ ወደ ኡዲ ኮረብታ አዘቅዝቃለች።

ሳጅኑ ፈጽሞ ውሸት አልተናገረም። አኳ ጨርቅ ነው። ግን ለቅሶም ነው፣ እንቁላልም ነው፣ ሌላም አለው። ኢግቦኛ እነዚህን የሚለያቸው በዜማ ነው፤ ዜማው ደግሞ ወረቀት ላይ አይወጣም። በአማርኛ «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር እንደማይለይ ማለት ነው። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የተማረ ሰው ግን ከወረቀት ጋር ብዙ ሲኖር ጆሮው ይደፈናል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ዶክተር ኡጎዬን ነው። አብረው ተምረዋልና አይተፋፈሩም። ኡጎዬ ለሴቶች የምትሟገት ምሁር ናት፤ ከሰዓቱን ሙሉ ድንኳኑ ሥር ከወንበር አከራዩ ጋር ስትነታረክ ግቢው ሁሉ አይቷታል።

«ፊልሙ ላይ ምን አየሽ?»

«ሴት። ገበያ ውስጥ ቁጭ ብላ የማትመጣ እናቷን ትጠብቃለች። በሯ ላይ ሽርጥ ተሰቅሏል። አኳ፣ ጨርቅ። ሴት በጨርቅ ትሸፈናለች፣ በጨርቅ ትታሰራለች፣ በጨርቅ ትቀበራለች።»

«ወንድ ራቁቱን ነው የሚቀበረው?»

ኡጎዬ ሳትወድ ሳቀች። «አንቺ እኮ ድሮም እንዲህ ነሽ። ንድፈ ሐሳብ ነው!»

«ኦኬዚዬ ምን አለሽ?»

«‹እትዬ፣ ጥሩ ነው፣ ግን አይደለም› አለኝ። ፎላሪን እንቁላል ነው ሲለውም ‹አይደለም›። ፕሮፌሰር ኤመንካ ለቅሶ ነው ሲለውም ‹አይደለም›። ‹ዛሬ በሁሉ ፊት እናገረዋለሁ› አለን።»

«ፕሮፌሰሩስ?»

«ሳቀ። ግን ምሳውን አልነካም። ኤመንካ ኦክፓ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያልፈው አይቼ አላውቅም።»

ዶክተር ፎላሪን ከኢባዳን የመጣ ዮሩባ ነው። ሥራው የሰውን ሕልምና የልቡን ጓዳ መበርበር ነው። ኢግቦኛ አያውቅም፤ አኳ እንቁላል መሆኑንም የነገሩት ሰዎች ናቸው።

«ሴትየዋ እንቁላል ስትሰብር አይተዋል?» አላት ገና ሳትጠይቀው። «የእናት ማኅፀን ነው። ልጅቷ ልትመለስበት ትፈልጋለች…»

«እሱን ለስብሰባው ያቆዩት፣ ዶክተር። በግድግዳው በኩል ምን ሰሙ?»

«ሁለት ሰዎች። የሟቹ ድምፅ ጎላ ያለ፣ የሌላው ሹክሹክታ። በኢግቦኛ ስለሆነ አልገባኝም። የለየሁት የፊልሙን ስም ብቻ ነው።»

«እንዴት አድርጎ ነው ያለው?»

«አኳ ነዋ። ሳጅኑ ጽፎታል።»

«ሳጅኑ የጻፈውን ይተዉት። አፍዎን ይዝጉና ዜማውን ብቻ ያንጎራጉሩልኝ።»

ሰውየው አፈረ። ትልቅ ሰው፣ ክራባት አስሮ፣ ለፖሊስ ሊያንጎራጉር! ግን ዮሩባ ነው፤ የእነሱም ቋንቋ ቃልን በዜማ ይለያል። ከበሮ ሲናገር እየሰማ ያደገ ሰው ቃሉ ባይገባው እንኳ ዜማው አያመልጠውም። ዓይኑን ጨፍኖ አንጎራጎረ። ኡዞማ ፊቷ ላይ ምንም አልታየባትም። ሁለተኛ አስደገመችው፤ አመስግናው ወጣች።

ፕሮፌሰር ኤመንካ ጓሮ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ስለ ተረገጠው ሕዝብ ብዙ መጽሐፍ የጻፈ፣ ተማሪ እንደ ታቦት የሚያጅበው ሰው ነው።

«እዚሁ ሆኜ ንግግሬን ሳነብ ነበር» አላት። «ማንም አላየኝም። ለማንበብ ምስክር ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም፣ ፕሮፍ። ለቅሶ ነው ብለዋል አሉ።»

«የመደብ ለቅሶ። የገበያተኛዋ ጩኸት የእሷ ብቻ አይደለም፤ የድሃው ሁሉ ነው።»

«ኦኬዚዬ ግን አይደለም ብሎዎታል።»

«ሠሪው ስለ ሥራው ምን ያውቃል? አንዴ ከእጁ ከወጣ የእኛ ነው። በእኛ ትምህርት ደራሲ እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው።»

«ዛሬስ ከትምህርታችሁ ጋር ተስማማ።»

የፕሮፌሰሩ ፊት ጠቆረ። «ግትር ነበር፣ ማዳም። ለሁለት ግንድ ሲል የሰው ስም የሚያቃጥል!»

«የምን ግንድ?»

«ተረት ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «እኛ አገር ይባላል።»

«አይ የተረታችን ብዛት!» አለችና ተነሣች።

ኦቢያጌሊ ደረጃው ላይ እንደተተወች ናት። ኡዞማ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስለ ሽርጡ ንገሪኝ፣ እኅቴ።»

«የእናታችን ነው። ከእሷ የተረፈን እሱ ብቻ ነው። በቢያፍራ ጦርነት ስንሸሽ ጅረቱን ስትሻገር ወደቀች፤ ውኃ ወሰዳት። ሽርጧን ቁጥቋጦ ያዘው። ወንድሜ ለፊልሙ ሲወስደው ተዋናይ አያገላብጠውም ብዬ ነጥቄው ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለስብሰባው አምጪው አለኝ። ጮኽኩበት። እግሬን ይዞ ‹ዛሬ ሁሉን ታውቂያለሽ› አለኝ። ሰጠሁት።»

«አላለቀስሽም።»

«ሳጅንሽ ታስመስላለች ይለኛል። እጄ ታስሮ ወንድሜን አላለቅሰውም።»

ሳጅን ኢቤ መኪናውን አስነሥቶ መጣ። ኡዞማ የካቴናውን ቁልፍ ከእጁ ተቀበለችና ሁሉንም ድንኳኑ ሥር ጠራች። ወንበሩ እንደተደረደረ ነው።

«ስብሰባው ይቀጥል» አለች። «እናንተ መነጽር አላችሁ፤ እኔ ጆሮ አለኝ። ኡጎዬ፣ ጨርቁን በአፍሽ በይልኝ።»

«አኳ» አለች ኡጎዬ፤ ከፍ ብሎ ጀምሮ ዝቅ አለ።

«ፕሮፍ፣ ለቅሶውን።»

«አኳ።» ሁለቱም ከፍ ብሎ ወጣ። አልተሳሳተም።

«እንቁላሉን እኔው ልበለው።» ዝቅ ብላ ጀምራ ከፍ አደረገችው። «አሁን ዶክተር ፎላሪን በግድግዳው የሰሙትን ያንጎራጉሩልን።»

«ም… ም።» ሁለቱም ዝቅ ያለ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ድንጋይ።

«አልጋ!» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«አልጋ ነው፣ ወይም ድልድይ። ዜማቸው አንድ ነው። በአልጋ ሰው ይጣላል፣ አይካድም» አለች፤ አንዳንዱ ሳቀ። «ከእኅቱ ጋር ግን አይጣላም። ስለ ሽርጡ ቢሆን ደግሞ ኡጎዬ እንዳለችው ባለው ነበር። ፊልሙን ሁላችሁም አይታችሁታል። ድልድይ አለበት?»

ኡጎዬ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ኦቢያጌሊ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«እናትሽ በምን ላይ ስትሻገር ወደቀች?»

«በምን ይሻገራል? ሁለት ግንድ ተጋድሞ ነበር።»

ኡዞማ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች። «ፕሮፍ፣ ተረቱን ለሕዝቡ ይንገሩ እንጂ። ‹ለሁለት ግንድ ሲል የሰው ስም የሚያቃጥል።› እኔ በተረት ያደግሁ ኢግቦ ነኝ፤ ይህን አልሰማሁም። የሰማ ካለ እጁን ያውጣ።»

«እኔ የማላውቀው ተረት ገና አልተወለደም» አለ ሽማግሌው። እጁን ግን አላወጣም።

«የሰፈራችን ነው» አለ ኤመንካ።

ሳጅን ኢቤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ኦጋ። እኔ የሰፈርዎ ልጅ ነኝ። እንዲህ የሚባል የለም።»

«ገዳዩ ከሟቹ ጋር በኢግቦኛ አውርቷል፤ ስለዚህ ፎላሪን አይደለም» አለች ኡዞማ። «ኡጎዬ እዚህ ስትጨቃጨቅ ነበረች። ፊልሙ ላይ ግንድ የለም። የተጣሉት በድልድይ ነው፤ የግንዶቹንም ነገር ያወቀ ወይ ዛሬ ከኦኬዚዬ አፍ ሰምቷል፣ ወይ ያን ቀን ጅረቱ ጋ ነበር። ፕሮፍ፣ ምሁር ሆነው ኢግቦ ሆነው አራተኛውን ትርጉም አንድ ቀን እንኳ አላነሡም። ‹ለቅሶ ነው› ብለው የተሟገቱት ሌላው እንዳይነሣ ነው።»

ኤመንካ መነጽሩን አወለቀ። ያለ እሱ ዓይኑ ትንሽ ሆነ።

«የነገርኩት እኔው ነኝ» አለ። «አምና፣ የዘንባባ ጠጅ ስንጠጣ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ጅረቱን ጠብቅ ብለው አቆሙኝ። ጠላት ደረሰ ተባለ። ግንዶቹን ጎትቼ ጣልኳቸው። መሐል ላይ አንዲት ሴት ነበረች። እንደ ጦርነት ወሬ አወራሁለት፤ የማን ልጅ እንደሆነ በምን አውቄ? ዛሬ ፎቅ ወጥቼ ስሜን አትጥራ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ሽርጡ ወንበሩ ላይ ነበር።»

«ጠላት ደርሶ ነበር?» አለች ኦቢያጌሊ።

«አልደረሰም።»

ኡዞማ ካቴናውን ፈታች። ሳጅን ኢቤ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም፤ ራሷ ኤመንካን አሰረችው። ኦቢያጌሊ የእጇን አንጓ እያሸች መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ሽርጧን ልታነሣ ስትመለስ ነው የዘገየችው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ እናቴን ስወቅስ ኖርኩ» አለችው። «ስሟ ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ስለ ድሃ ያን ሁሉ መጽሐፍ ጽፈህ?»

ኤመንካ አቀረቀረ።

«ምግባፎ ትባላለች። በል፣ ጥራት።»

«ምግባፎ» አለ ወደ መሬት።

«እንደሱ አይደለም። ሰው እንደምትጠራ አድርገህ።»

ደገመው፤ ድምፁ ተሰበረ። ኡዞማ የመኪናውን በር ከፍታ ቆማለች፤ ማንም አላጣደፋቸውም። በሦስተኛው ስሟ በትክክል ወጣ። ኦቢያጌሊ ጀርባዋን ሰጠችው።

«አሁን ውሰዱት» አለች፤ ወንድሟንም ልታለቅሰው ወደ ፎቅ ወጣች።