የእሜቴ ዕድሜ

ሟቹ በወፈፌ ጋጣ ውስጥ፣ ጥግ ይዞ፣ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ቀኑ አርብ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር። ወፈፌ የሚሉት ገና አራት ዓመት ያልሞላው ጥቁር ድንጉላ ፈረስ ሲሆን ስሙ የወጣለት በጠባዩ ነው። ሟቹ የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ከግራ ጆሮው በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል።

የጣቢያው አዛዥ መርማሪዋን ሲልካት ነገሩን አቅልሎ ነበር። «ፈረስ የረገጠው ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱ ዶክተርም አይተውታል። ሂጂና ፈርመሽበት ተመለሺ።»

መርማሪዋ ሃምሳን ያለፈች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ሴት ነበረች። ፈረስ አትወድም፤ ገለባ ደግሞ ያስነጥሳታል። ወፈፌ ጋጣ ገብታ ሦስት ጊዜ ካስነጠሰች በኋላ መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች።

«ማነው መጀመሪያ ያየው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አሰልጣኙ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ እግራቸው ከኮርቻ ብዛት የተለመጠ ሽማግሌ ናቸው፤ ግቢው በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። «የአሥር ሰዓት መኖውን ይዤ ስመጣ ተዘርሮ አየሁት። ድንጉላው ወዲያ ማዶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። ጮኼ ዶክተርን ጠራኋቸው።»

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል፤ አልገቡም። «ምንም የሚያጠያይቅ ነገር የለውም። ሰው የገደለ እንስሳ እዚህ ግቢ አይኖርም፤ ደንብ ነው። ነገ ጠዋት በመርፌ ይወገዳል።»

«ዶክተር፣ ቁስሉን ቀርበው አይተውታል?»

«ወፈፌ ጋጣ ውስጥ ሬሳ ሳይ ሌላ ምን ላስብ?»

«ያሰቡትን አልጠየቅኩዎትም።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

መርማሪዋ ቁስሉን በባትሪ አየችው። እንደ ጨረቃ የጎበጠ ቀጭን መስመር ነው፤ በመስመሩ ላይ ሁለት ትንንሽ አራት ማዕዘን ምልክቶች አሉ። የልጁን ትከሻ ቀና አድርጋ የካፖርቱን ጀርባ ተመለከተች። ከጭንቅላቱ ሥር፣ በሥርዓት የታጠፈ የልጆች ኮርቻ ጨርቅ ተነጥፏል። ጨርቁ በደም ርሷል።

«ጋሼ፣ የድንጉላውን የኋላ እግር ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ውጭ ታስሮ የነበረውን ወፈፌን አባብለው ኮቴውን አነሡላት። ኮቴው ባዶ ነው። «ገና የኮቴ ብረት አልተመታለትም። በሚቀጥለው ወር ነው እንግዲህ...» ብለው ቆም አሉ። ወደ ጋጣው ዞር ብለው አዩና «ወይኔ ልጄን!» አሉ በሹክሹክታ።

«ያሰቡትን ለማንም አይናገሩ። እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ብቻ።»

«ነገ ጠዋት ፈረሴን ሊገድሉብኝ ነው እኮ!»

«ከእኔ በፊት ማንም አይነካውም።»

ሽማግሌው አመኗት መሰል፣ የሚያውቁትን ሁሉ ዘረገፉላት። ሟቹና አንዲት የክፍል ጓደኛው ስለ ፈረስ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በጋራ እየሠሩ ነበር። እሷ የፈረስን ዝግመተ ለውጥ ከአጥንት ታጠናለች፤ እሱ ዕድሜን ከጥርስ ያነባል። ስለ ስልጠናው ምዕራፍ ጋሼን፣ ስለ ሕክምናው ደግሞ አካል ጉዳተኛና ዝምተኛ ልጆችን በፈረስ የምታክመውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይጠይቃሉ። ግቢው ባለ ጥርሱና ባለ አጥንቷ እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

«ከእርስዎ ጋር ይስማማ ነበር?»

«አልዋሽሽም፣ ባለፈው ሳምንት ተጣልተናል። ወፈፌን በግድ እየገራህ ጠባዩን አበላሸኸው ብሎ ጻፈብኝ። ተናደድኩ። ኋላ ሳስበው ግን ልክ ነበር።» ሽማግሌው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ዛሬ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ድንጉላውን ሜዳ ላይ ሳሯሩጥ ነበር። ስመልሰው በሜዳው በር ነው ያስገባሁት። ልጓሙን ደፉ ላይ አወለቅኩና ዘጋሁበት። ያ ጥግ ከዚያ አይታይም።»

«ዛሬ ሌላ የገረመዎት ነገር አለ?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አከኩ። «አለ። የእበት መጫኛው ጋሪ ታጥቧል። እንዲያው የእበት ጋሪ ማን ያጥባል? እኔ ሠላሳ ዓመት ስኖር አንድ ቀን አጥቤው አላውቅም።»

መርማሪዋ ቀጥላ ልጆቹ ወደሚታከሙባት ባዝራ ጋጣ ሄደች። ባዝራዋን እሜቴ ይሏታል፤ ግራጫ፣ ዓይነ ትልቅ፣ አንገቷ የወረደ፣ እንደ ባልቴት ረጋ ያለች ናት። መርማሪዋ መሀረቧን አዘጋጅታ ገባች፤ ግን አላስነጠሳትም። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰጋቱራ ነው።

«ለምን እዚህ ገለባ የለም?» ስትል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን ጠየቀቻት። ባለሙያዋ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ የታሰረ ወጣት ሴት ናት።

«ያስላታል። የገለባ አቧራ አይስማማትም።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ወረቀቷ ላይ አሥራ አራት ይላል። ዶክተር ናቸው የፈረሙት።»

«እርስዎስ ስንት ይላሉ?»

ባለሙያዋ የባዝራዋን አፍንጫ በግራ እጇ ዳሰሰች። «እኔ የልጆች እጅና እግር እንጂ የፈረስ ጥርስ አላውቅም። ብቻ... ከሃያ በላይ የሆነ ፈረስ ልጅ አይጫንም። ልጅ ካልጫነች ደግሞ የሚቀልባት የለም። መርፌ ነው። እሷ ከሄደች የእኔም ሥራ አብሮ ይሄዳል፤ እሱን ለመጠርጠር ከፈለጉ ይጠርጥሩኝ።»

«ዛሬ ማን ነበር እዚህ?»

«ሚጣ። የባለ አጥንቷ ታናሽ እህት ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እሜቴ ላይ ስትወጣ ግን ጆሮዋ ላይ ተደፍታ ታወራታለች። ምን እንደምትል ማንም አይሰማም፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ እሱም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። እጄ ከተሰበረ ወዲህ ባዝራዋን የምትስብልኝ እህቷ ናት። ስምንት ሰዓት ላይ ጨረሱና እኔ ጀሶዬን ላሳይ ክሊኒክ ሄድኩ።»

ባለ አጥንቷ ከፈረስ ቤቱ ጀርባ ባለው የአጥንት ክፍል ውስጥ ነበረች። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የእግር አጥንቶች በተራ ተደርድረዋል፤ መጀመሪያ የውሻ ቁመት የነበራት የጥንት ፈረስ ባለ አራት ጣት እግር፣ መጨረሻ ላይ የዛሬው ባለ አንድ ጣት። ሚጣ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ጣቶቹ የት ሄዱ?» አለች መርማሪዋ።

«በሚሊዮን በሚቆጠር ዓመት እየጠፉ መጡ። አሁን የቀረው የመሃሉ ነው፤ ኮቴ የምንለው ጥፍሩ ነው።» የባለ አጥንቷ ድምፅ የተሰነጠቀ፣ ዓይኗ ያበጠ ነው።

«ጓደኛሽን መቼ ነው ያየሽው?»

«ጠዋት። እሜቴን ስምንት ሰዓት ላይ ጋጣዋ መልሼ፣ እህቴን ይዤ ወዲያው እዚህ ገባሁ። አልወጣሁም።»

«ጥሩ ሰው ነበር?»

«ከማውቃቸው ሁሉ ጥሩው» አለችና ፊቷን ወደ አጥንቶቹ አዞረች።

በማግሥቱ ጠዋት የአስከሬን ምርመራው ሐኪም ደወለ። መርማሪዋ ስልኩን ዘግታ የነገራትን ሰዓት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም አጥንት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዶክተሩ የመርፌ ሣጥናቸውን ይዘው መጡ። ጋሼ ቆመው ቀሩ። ሚጣን የሚይዝላት ሰው ስላልነበረ መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀምጣ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ዶክተር፣ ሣጥኑን ያስቀምጡት» አለች። «ወፈፌ ማንንም አልገደለም።»

«በምን አወቁ?»

«ቁስሉ ላይ የብረት ጠርዝና የሁለት ሚስማር ራስ ምልክት አለ። ወፈፌ ብረት አልተመታለትም። በዚያ ላይ፣ ኮቴው ላይ የደም ጠብታ አልነበረም። ያ ወፈፌ ያላችሁት ፈረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቆመው ልጁን እንዳይረግጠው ነው።»

ጋሼ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ብረት ያላቸው ሌሎቹ ሦስት ፈረሶች ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ክትባት ላይ ነበሩ፤ ከዶክተርና ከሁለት ሠራተኞች ጋር። ፈረስ ቤቱ ውስጥ የቀረችው እሜቴ ብቻ ናት። የልጁ ካፖርት ጀርባ ሰጋቱራ ነበረበት። የተመታው እሷ ጋጣ ውስጥ ነው። ከዚያ አንድ ሰው አንሥቶ በእበት ጋሪ ወደ ወፈፌ ጋጣ ወሰደው፤ ጋሪውንም አጠበው። ይህ የሆነው ድንጉላው ሜዳ ላይ ሳለ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ነው።»

«ታዲያ ማን?» አለች ባለሙያዋ።

«እሜቴን ከመርፌ ለማዳን የሚፈልግ ሰው። እዚህ ያለው ሁሉ ይፈልጋል። ዶክተር ደግሞ ከማንም በላይ፤ በውሸት የፈረሙት ወረቀት አለ።»

ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ። «ልጆቹን አይቼ ነው» አሉ።

«ግን ወፈፌ ላይ ለማላከክ ያሰበ ሰው፣ ወፈፌ ብረት እንደሌለው አያውቅም። ጋሼ ኮቴውን በእጃቸው ይሞርዳሉ። ዶክተር በየወሩ ያዩታል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በአንድ እጅ ሰው ጋሪ ላይ መጫን አይችሉም። ከእናንተ መሃል የፈረስን እግር ከጥንት ጀምሮ አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ እዚህ በር ላይ የቆመውን ፈረስ እግር ግን ቀና አድርጎ አይቶ የማያውቅ አንድ ሰው አለ።»

ማንም ወደ ባለ አጥንቷ ዞሮ አላየም። መዞር አላስፈለገም።

«የረገጠችው ባዝራዋ ናት» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እኔ አልገደልኩትም።»

«አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ ከራሱ ሥር ጨርቅ አጥፈሽ አንጥፈሽለታል። ለሞተ ሰው ትራስ አይደረግም። ይተነፍስ ነበር። ሐኪሙ እንዳለው ከዘጠኝ ተኩል በፊት አልሞተም። ከአንድ ሰዓት በላይ ማለት ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ስልክ አለ።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። አጥንቶቹ ተንኳኩ።

«ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው አለኝ። ጥርሷን እያየ አለቀሰ፤ በሥራዬ ግን አልዋሽም፣ ሰኞ እጽፈዋለሁ አለኝ። እባክህ አልኩት። ከዚያ... ረገጠችው። ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ሐኪም ከመጣ እሜቴን ይገድሏታል ብዬ አሰብኩ። እህቴ የምታናግረው ሌላ ፍጡር የላትም። አንድ ደቂቃ ብቻ ላስብ አልኩ። ደቂቃው አለፈ። ሌላም አለፈ። ካለፈ በኋላ መደወል አቃተኝ።»

«እሜቴ እኮ ረግጣ አታውቅም» አለች ባለሙያዋ ግራ ገብቷት። «ስንት ልጅ ሆዷ ሥር ገብቷል! ለምን ረገጠችው?»

ባለ አጥንቷ መርማሪዋን አየቻት። ዓይኗ ይለምናል። መርማሪዋ ገምታው ነበር፤ ሆን ብላም ትታው ነበር። «እንስሳ ነች፤ ምክንያቱን ማን ያውቃል» አለች በችኮላ።

በሩ ተከፈተ። ሚጣ ቆማለች።

«እኔ ጮኼ ነው» አለች።

ድምፅዋ ሻካራ፣ ከሰውነቷ የሚበልጥ ነበር።

«አትንካት ብዬ ጮህኩ። እሜቴ ደነገጠች። እሱ ከኋላዋ ነበር።» ወደ እህቷ አየች። «እታለም፣ ተነፈሰ እኮ። አይቼዋለሁ።»

እህቷ ልታቅፋት ተንደረደረች፤ ሚጣ ግን ወደ ኋላ ሸሸች።

ከዚያ በኋላ የሆነው በደንቡ መሠረት የሆነ ነው። ባለ አጥንቷ የዚያኑ ዕለት ታሰረች። ዶክተሩ የፈረሙትን ወረቀት ቀደው አዲስ ጻፉ፤ ሃያ ስድስት። ሰኞ ጠዋት እሜቴን ከጋጣዋ ያወጧት ጋሼ ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲስባት አልፈቀዱም። ወፈፌ ተረፈ፤ ጋሼ ግን ከዚያ ወዲህ ልጓም አላነሡም። ሚጣ ሌላ ዘመድ ስላልነበራት ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተወሰደች።

ባለሙያዋ ጀሶዋ ከተፈታ በኋላ በየሳምንቱ ትጠይቃታለች። መርማሪዋም ከወር በኋላ አንድ ቀን አብራት ሄደች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አልጋዎቹ በተርታ ተነጥፈዋል። ሚጣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር።

«ሚጣዬ፣ እንዴት ነሽ?» አለች መርማሪዋ ጎንበስ ብላ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ሁለት እጆቿን አነሣችና አፏን ግጥም አድርጋ ያዘች፤ እስኪሄዱም ድረስ አልለቀቀችውም።