ድንጋዩን ማን ያውርደው?

ይድነቃቸውን የተዋወቅሁት አፍንጫውን ሰብሬ ነው። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ጠብመንጃ እያሽከረከርኩ ሳለ በኋላዬ ሹልክ ብሎ ሊያልፍ ሞከረ።

እ.ኤ.አ. 2012 ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንማርበት ሃይስኩል እንደ ወታደር የሚያሰለጥን የካዴቶች ክለብ ነበረው፤ የኛ ቡድን ሥራ በጠብመንጃ የሰልፍ ትርኢት ማሳየት ነው። ጠብመንጃው አይተኩስም። ክብደቱ ግን የእውነት ስለሆነ አጥንት ይሰብራል።

ደሙ አገጩ ላይ እየወረደ፣ «ሶሪ ማለት ይከብድሻል?» አለኝ።

«በኋላዬ ሂድ ያለህ ማነው?»

ሳቀ። አፍንጫው ተሰብሮ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

አሰልጣኛችን፣ አይበገሬነታችንን አይተው መሰለኝ፣ ሁለታችንን አጣመሩን። ፊት ለፊት ቆመን ጠብመንጃ መወራወር ጀመርን። በዚህ ሥራ እጅ አይታይም፤ የሚታየው የወርዋሪው ዓይን ነው። እኔም ዓይኑን ሳይ ሳይ ከርሜ በፍቅሩ ወደቅሁ፣ በቃ።

እማዬ ጠብመንጃ መያዜን አታውቅም። አባቴ ባድመ ዘምቶ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። «ልጆቼ ጠብመንጃ አይነኩም» ብላ በገብርኤል ስም ምላለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ እኔ የሒሳብ ክለብ አባል ነኝ። ይድነቃቸውንም «ብትሞት እንዳትናገር» ብዬ አስምዬዋለሁ።

በቅርባችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ለሚደረግ የትርኢት ውድድር ስንለማመድ የወረወረልኝ ጠብመንጃ አመለጠኝና ቅንድቤን ሰነጠቀው። ሸሚዙን አውልቆ ደሜን አበሰልኝ።

«በኔ ነው ብሥራት፣ ቶሎ ለቀቅኩት።»

«ዝም በል፣ ያልያዝኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ፊቱ ፊቴ አጠገብ ነበር።

አስፐን ሂል ያለው ቤታችን ድረስ ቦርሳዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። የሕንፃችን ፓርኪንግ ውስጥ ወንድሜ ሀብተማርያም ከሚነዳው ታክሲ ሲወርድ አየን። ሀብትሽ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገኝ ነው። የኔን ግንባር አየ፣ የይድነቃቸውን ደም የነካው ሸሚዝ አየ።

«አንተ ነህ እንዲህ ያደረግካት?»

ይድነቃቸው ዞሮ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ።

ሀብትሽ በቡጢ አፉን ሲለው ይድነቃቸው ከታክሲው ጋር ተጋጨ። ወድቆ ሳለ ሆዱን ረገጠው። የታክሲውን ክፍት በር ይዞ ሊነሳ ሲል ሀብትሽ በሩን እጁ ላይ ዘጋበት። አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ልጁ ያን ሁሉ ተደብድቦ ስለ ጠብመንጃው ትንፍሽ አላለም።

ወንድሜን ከኋላው ፀጉሩን ይዤ ጎተትኩት። «ልምምድ ላይ ነው የተመታሁት! የሒሳብ ክለብ የሚባል ነገር የለም፣ ጠብመንጃ ነው የምይዘው!»

ቀና ስል እማዬ ደረጃው ላይ ቆማለች።

እኔን ከቡድኑ አስወጣችኝ። የይድነቃቸው እናት ፖሊስ ሊጠሩ ሲሉ የሁለታችንም ቤተሰብ ወዳጅ ጋሽ ፀሐዩ ለምነው ነገሩን ወደ ሽምግልና መለሱት። እማዬ ሀብትሽን፣ «ያልበደለህን ሰው ሰብረሃል። እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክመህ እግሩ ሥር ትወድቃለህ» አለችው። ሜሪላንድ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ለጓሮ ማስጌጫ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሀብትሽ ትንሿን ሲያነሳ እማዬ ትልቁን አሳየችው።

እነይድነቃቸው ቤት፣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ሀብትሽ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጭኖ ተንበረከከ። ተበዳዩ ራሱ ይቅር ብሎ እስኪያወርድለት ሌላ ሰው አይነካውም።

ይድነቃቸው እጁ በጀሶ ታስሮ ተቀምጧል። «አላወርድም» አለ።

ጋሽ ፀሐዩ ደነገጡ። «ምን ይደረግልህ ልጄ?»

«ብሥራት ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ትወዳደር። ያለኔ ብቻዋንም ትችላለች። እማማ ይፍቀዱላትና አወርደዋለሁ።»

«ምያለሁ» አለች እማዬ።

የሀብትሽ ትንፋሽ ይሰማል። ድንጋዩ ማጅራቱን ልጦት ደሙ ኮሌታው ውስጥ ገባ። እማዬ ከንፈሯን ነክሳ ታየዋለች።

እንደዚያ ውድድር የፈለግሁት ነገር አልነበረም። ሄጄ ይድነቃቸው ፊት ቆምኩ።

«አውርድለት።»

«ላንቺ እኮ ነው፣ ብሥራት።»

«አውቃለሁ። በወንድሜ አንገት የሚመጣ ውድድር አልፈልግም። አንተንም አልፈልግህም።»

የመጨረሻዋ ውሸት ናት። ዓይኔን ግን አልሰበርኩም። እሱም ያን ጊዜ እንደምንወራወርበት ሰዓት ትኩር ብሎ አየኝ፤ አስተያየቱ እስካሁን ያመኛል። ከዚያ ተነስቶ ሀብትሽ አጠገብ በርከክ አለ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። በአንድ እጁ ግን ድንጋዩ አልነቃነቅ አለው።

ማንም ሳይጠብቅ እማዬ ተነስታ በወዲያኛው በኩል ተንበርክካ ያዘች። ጋሽ ፀሐዩ «ወጉ...» ሊሉ ጀምረው ተዉት። ድንጋዩን አብረው አወረዱት። ሀብትሽ በግንባሩ ተደፍቶ አለቀሰ።

እማዬ ከተንበረከከችበት ሳትነሳ ይድነቃቸውን፣ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት። ግን ምለዋል እኮ፣ እማማ።»

«እሱን ከነፍስ አባቴ ጋር እጨርሳለሁ። አንተስ በዚህ እጅህ ምን ልትሠራ ትመጣለህ?»

«ላያት» አለ።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲያው አጠገቤ ተቀመጥ። እኔ ብቻዬን ማየት አልችልም» አለችው።