ሐሙስ ከሰዓት በአደባባዩ

ትርሓስ ከካድሬው ከጓድ እሸቴ ቢሮ ስትወጣ፣ ታረቀኝ በራፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ብድግ ብሎ እጅ ነሳት፤ እሷ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ምን ብላ ቀና ትበል? አሁን ገና፣ «ታረቀኝን ከዓይንሽ እንዳታጪው። የት እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንዳወራ፣ ስትመለሺ ጽፈሽ ታቀርቢያለሽ» ተብላ፣ «እሺ» ብላ መውጣቷ ነው። እሱስ ምን ሊባል ተጠራ? ይህን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው፤ የድርቁ ማግስት። ትርሓስ በቆቦ ከተማ ጤና ረዳት ናት። ታረቀኝ በራያ ቆላ እየዞረ የጉድጓድ ፓምፕ የሚጠግን መካኒክ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለስድስት ሳምንት የንጹሕ ውሃና የጤና ሥልጠና ዴንማርክ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ከቆቦ ሲጠይቅ ዕድሉ ለሁለቱ ደረሰ። ከዚያ በፊት ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም።

የትርሓስ ወላጆች ከማይጨው ወርደው ቆቦ ላይ በጨርቅ ንግድ የኖሩ ናቸው። ወንድሟ በርሄ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ከቤት እንደወጣ ቀረ። እናቷ ለተ ብርሃን ለጠየቃት ሁሉ «ሱዳን ለሥራ ሄደ» ትላለች። ከተማው ግን «ጫካ ገባ» እያለ ያንሾካሹካል። ታዲያ ጫካ የገባ ሰው እህት ለውጭ አገር እንዴት ታጨች? ይሄ ነገር ለትርሓስ ለራሷ አልጣማትም። ወጥመድ መሰላት።

አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ጥርጣሬዋ ባሰ። ለካ ታረቀኝ የቡድን መሪ ተብሏል። የሁለት ሰው ቡድን! የሁለቱም ፓስፖርት እሱ ኪስ ገባ።

«የኔን እኔ ብይዘው ምናለበት?» አለችው።

«እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር። መመሪያ ነው አሉኝ።» ይህን ሲል ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

የሄዱባት ከተማ አሮጌ ናት። ከባሕሩ ማዶ ስዊድን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መርከብ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። ካረፉበት ቤት ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ መንገዱ በአንድ አደባባይ መሐል ያልፋል። መሬቱ በድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ቢጫና ቀይ ቤቶች እንደ ሽማግሌ እርስ በርስ ተደጋግፈው ዙሪያውን ከበውታል። በአንደኛው ቤት በር አናት ላይ የተሠራበት ዓመት፣ 1577፣ ተቀርጿል። ከአንድ ጥግ የቆየ የብረት የውሃ መቅጃ ፓምፕ ቆሟል። ሰው ግን የለም። አልፎ አልፎ አንዲት አሮጊት በብስክሌት ታልፋለች፤ ከዚያ ጸጥታው ተመልሶ ይገጥማል።

ለቆቦ ልጅ አደባባይ ማለት ገበያ ነው፤ ግመል፣ ማሽላ፣ ከአፋር የመጣ ጨው፣ ጩኸት። ትርሓስ የመጀመሪያ ቀን ከድንጋዩ መሐል ቆመችና፣

«እዚህም አገር ሰዓት እላፊ አለ እንዴ? ሰዎቹ የት ገቡ?» አለች።

ታረቀኝ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከቤቶቹ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ሲመለስ ሁለቱም ደንግጠው ወደ ኋላቸው ዞሩ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ሲወጡ አደባባዩ ዳር ባለች አግዳሚ ወንበር ላይ ትንሽ መቀመጥ ልማድ ሆነባቸው። ጎብዬ አጠገብ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃው ሽቅብ ሲፈነዳ፣ ኡሙልኸይር የሚባሉ እናት ከነልብሳቸው ገብተው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ እንደዘፈኑ አጫወታት። እሷም በድርቁ ጊዜ በእጇ ስለሞቱት ሕፃናት፣ ለማንም ያልነገረችውን፣ ነገረችው። አልመከራትም፤ አላጽናናትም። እስክትጨርስ ዝም ብሎ ሰማት፤ ስትጨርስም ዝም አለ። ያ ዝምታው ከብዙ ሰው ቃል ይልቅ ልቧ ውስጥ ገባ።

ግን ልቧ በሞቀ ቁጥር አንድ ነገር ያቀዘቅዘዋል። ይሄ ሁሉ ደግነት የታዘዘ ቢሆንስ? ሲያጫውተኝ የሚውለው እንዳላመልጥ ቢሆንስ? ደግሞም አንዲት ትንሽ ደብተር አለችው። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይጽፍባታል፤ ትርሓስ ስትቀርብ ይከድናታል።

በአራተኛው ሳምንት ያረፉበት ቤት ስልክ ጮኸ። ከስዊድን የአክስቷ ልጅ ብርኽቲ ነበረች፤ በሱዳን በኩል ወጥታ እዚያ ከኖረች አምስት ዓመቷ ነው።

«ሐሙስ በስምንት ሰዓት አደባባዩ ላይ እጠብቅሻለሁ» አለቻት። «መርከቡ ሃያ ደቂቃ ነው። ፓስፖርትሽን ብቻ ያዢ። ትርሓሰይ፣ እዚያ አገር ተመልሰሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

በማግስቱ ትርሓስ ታረቀኝን ፓስፖርቷን ጠየቀችው፤ «ባንክ ቤት ይፈልጉታል» ብላ።

ቀና ብሎ አያት። «የትኛው ባንክ?» አለ። መልሷን ሳይጠብቅ፣ «ይሁን፤ እናያለን» ብሎ ሄደ። ሸቶታል፣ አለች በልቧ። አበቃልኝ።

ሐሙስ ዕለት ፓስፖርት ባይኖርም ከትምህርት ቀርታ አደባባዩ ላይ ተቀመጠች። ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ከአደባባዩ ጀርባ ካለው ቤተ ክርስቲያን በኩል የሰው ኮቴ ሰማች። ብርኽቲ አልነበረችም። ታረቀኝ ነው፤ እየሮጠ ደርሶ ከፊቷ ቆመ።

«ተከተልከኝ» አለችው።

«አልተከተልኩሽም። የምትመጪበትን አውቄ መጣሁ። ከስዊድን የተደወለ ቀን ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የቀረውን ልቤ ነገረኝ።»

«ጻፍክብኛ! በዚያች ደብተርህ።»

ደብተሯን አውጥቶ ሰጣት። ገለጠችው። ከዳር እስከ ዳር የብረት መቅጃው ሥዕል ነው፤ ዘንጉ፣ እጀታው፣ መዝጊያው። «ፓምፑ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል፤ የኛ ስድስት ወር አይቆይም። ምስጢሩ ገርሞኝ ነው» አለ አፍሮ። «መሣል አልችልም፤ እንዳትስቂብኝ ነበር የምከድነው።»

ትርሓስ መሳቅ አልቻለችም። «እኔን ጠብቅ አላሉህም?»

«ብለውኛል። አንቺንስ?»

አንዲት ርግብ ከድንጋዩ ላይ ተነስታ ጣራ ላይ አረፈች።

«እኔንም ብለውኛል» አለች በመጨረሻ።

ከደረት ኪሱ ፓስፖርቷን አውጥቶ አግዳሚው ላይ፣ ከጎኗ፣ አስቀመጠው።

«ባልመለስ ምን ያደርጉሃል?»

«ዋስሽ ነኝ፤ ፈርሜያለሁ። መቼም ሳይዙኝ አይቀሩም። አብሽሪ፣ የታሰረ ሁሉ ታስሮ አይቀርም።»

«ታዲያ ለምን ትሰጠኛለህ?»

መልሱን ከመሬቱ ድንጋይ ላይ የሚለቅም ይመስል አቀርቅሮ፣ «አብረሽኝ ብትመለሺ ደስታዬን አልችለውም። የምትመለሺው ግን ፓስፖርትሽ እኔ ኪስ ስላለ ከሆነ፣ እኔም ከነሱ በምን ተለየሁ?» አለና ዞሮ ወደ ወደቡ በሚያወርደው ጠባብ መንገድ ሄደ። አንዴ እንኳን ዘወር አላለም።

ብርኽቲ ከተፍ ስትል ትርሓስ ፓስፖርቱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ተቃቅፈው ተላቀሱ።

«በይ ተነሽ፤ መርከቡ ሊሄድ ነው።»

ትርሓስ አልተነሳችም። ክፉ ሐሳብ እንደ ዝንብ ዞራት። እንደማልሄድ አውቆ ቢሆንስ የሰጠኝ? ወደቡ ላይ ሰው አስቁሞ ቢሆንስ? ግን ሊያስቀራት የፈለገ ሰው ዝም ብሎ ኪሱን መቆለፍ ይበቃው ነበር።

«እናቴ ስለ በርሄ ‹ሱዳን ሄደ› እያለች ነው የምትኖረው» አለች። «ስለ እኔ ደግሞ ምን ትበል?»

«እናትሽ ብቻ ናት ምክንያትሽ?»

«አይደለችም።»

ብርኽቲ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀቻትም። አንድ መርከብ አመለጣቸው፤ ሁለተኛውም። በሦስተኛው ብርኽቲ ብቻዋን ተሻገረች። ራት ላይ ትርሓስ ከታረቀኝ ፊት ለፊት መጥታ ስትቀመጥ ማንኪያው ከአፉ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ።

ቆቦ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ጓድ እሸቴ ሁለቱንም አስጠራ። ከሠርተፊኬታቸው ጋር የመጣው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱም እንደቀሩ ይናገራል።

«የት እንደነበራችሁ ጻፉ» አለና ለየብቻ ሁለት ክፍል አስገባቸው።

ትርሓስ «ራሴን አሞኝ...» ብላ ጀምራ ተወችው። እሱ ሌላ ቢጽፍስ? የሚጠይቃቸው እንዳለ እያወቁ አለመመካከራቸው! መንገዱን ሁሉ አንዱ የሌላውን ዓይን ፈርቶ፣ ያችን ሐሙስ ሳያነሷት ነበር የመጡት። ከግድግዳው ማዶ የታረቀኝ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማታል። እሱ ይጽፋል። የሷ ወረቀት ባዶ ነው።

ጓድ እሸቴ የታረቀኝን ወረቀት ደረቱ ላይ ለጥፎ ገባ። «ጓዲት ትርሓስ፣ ታረቀኝ ሁሉንም ተናዟል» አለ። ከዚያ ድምፁን አለዝቦ፣ «ልትጋቡ ነው እንዴ?» አላት።

ታረቀኝ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ካድሬው የፈጠረው ከሆነ «አዎ» ማለቷ ሁለቱንም ያስበላል። ታረቀኝ ጽፎት ከሆነ ደግሞ «አይ» ማለቷ እሱን ውሸታም ያደርገዋል። ያንን ወረቀት አገላብጣ ለማየት ዕድሜዋን በሰጠች ነበር። ግን የምታየው የካድሬውን ጣቶች ብቻ ነው። ዓይኗን ከጣቶቹ አነሳች፤ ታረቀኝ ፓስፖርቷን ከጎኗ አስቀምጦ «አብረሽኝ ብትመለሺ ደስታዬን አልችለውም» ያላት ትዝ አላት።

«አዎ» አለች። «ሐሙስ ዕለት አደባባዩ ላይ ነበርን። የጠየቀኝ እዚያ ነው።»

ጓድ እሸቴ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ፤ ደግሞ ወረቀቱን። «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ፣ ያመለጠውን እንደሚቆጥር ሰው ከፍቶት።

ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጎን ለጎን፣ ሳይነጋገሩ፣ ከሰው ጆሮ እስኪርቁ ወደ ሆርማት ወንዝ ወረዱ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ልንጋባ ነው፤ አደባባዩ ላይ ጠየቅኳት፣ ብዬ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ልጠይቅሽ ነበር እኮ የመጣሁት። ፓስፖርቱን ሳስቀምጥ አፌ ተሳሰረ። ብጠይቅሽ ደግሞ እንዳትሄጂ ማሰሪያ ይሆንብሻል ብዬ...»

«እኛ ቤት በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው፤ በካድሬ አይደለም» አለችው። ሳቋ ግን አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ።

እሑድ ጠዋት ታረቀኝ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች የነትርሓስ ደጅ ላይ ቆሙ። ለተ ብርሃን በሩን ሳትከፍት ልጇን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባቻት።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው የካድሬው ጆሮ ጠቢ ነው ይሉታል። ሊጠብቅሽ ነው አሉ አብሮሽ የተላከው። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ አደይ። እውነት ነው» አለች ትርሓስ። «እኔም እሱን ልጠብቅ ነበር የተላክሁት።»

ለተ ብርሃን ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣችና ለሽማግሌዎቹ በሩን ከፈተችላቸው።