በብርጭቆው ውስጥ የቀረው ክር

ሐጂ ባድሩ በዘመሮ ከተማ ባለው ሻይ ቤታቸው፣ ከዘወትር ወንበራቸው ሥር ተዘርረው ተገኙ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ለጓዳ አይጥ የተገዛው መርዝ ሻያቸው ውስጥ መግባቱን ተናገረ። ኢንስፔክተር መስታወት ስትደርስ ኮንስታብል አወቀ የሟቹን ምራት ራውዳን በካቴና አስሮ፣ ጉዳዩን በሱ ቤት ጨርሶ ጠበቃት።

«ባለክሩን የሻይ ከረጢት፣ ቲባጉን፣ የምታቀርበው እሷ ናት፤ ብርጭቆው ውስጥም ቲባግ አለ» አላት። «መንገዱን የዘጋው ጉም ሲገለጥ የፖሊስ መኪናው ይዟት ይሄዳል።»

«ማን ጨርስ አለህ?»

ከጓዳ የራውዳ ጨቅላ ያለቅሳል። እናቱ ታስራ የሚያጠባው የለም። መስታወት ይህን ስትሰማ ንዴቷ ጨመረ።

በሰዓቱ እዚያ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ራውዳ፣ ከቆላ ቲባግ የሚያመጣው ነጋዴ ጀላሉ፣ እና የሟቹ ታላቅ እህት ሲዲቃ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚህን ቤት ሻይ ያፈሉት እሳቸው ናቸው። መስታወት ሁሉንም በየተራ ጠየቀች። እሷ ስለ ሞት ስትጠይቅ እነሱ ስለ ሻይ ይመልሱላታል።

«ከሐጂ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው ጀላሉን።

«ዕቃው ዘገየ ብለው ተቆጡኝ እንጂ ምን ጠብ አለን? ቲባግ ማለት፣ ኢንስፔክተር፣ ማጥለያ አይፈልግ፣ በራድ ማጠብ የለ...»

«ጀላሉ፣ ሰው ሞቷል።»

«እሱንማ አየሁ። በር ላይ ካርቶን ሳወርድ ነበር።»

ሲዲቃ ደግሞ የባሱ ነበሩ። «እሱ ምን ሻይ ነው፣ ልጄ? የቅጠል ትቢያ! እዚህ ደጋ ውሃው ቶሎ ይፈላል እንጂ አይግልም፤ ቅጠሉ ከቅርንፉድ ጋር በራድ ውስጥ ካልተንተከተከ መች ይቀላል?»

«ወንድምዎ ከእርስዎ በራድ ጠጥተዋል?»

«የዛሬውን አልነካም። ቤቱን ለራውዳና ለቲባጓ ሰጥቶ የለ?»

ራውዳ እንባዋን በታሰረ እጇ እየጠረገች «ለአባባ ባዶ ብርጭቆና ቲባግ አቀረብኩ» አለች። «ውሃ ሳልጨምር ልጄ አለቀሰ፤ ገባሁ። ስመለስ ወድቀዋል።»

መስታወት ራሷን ያዘች። ግማሽ ቀን ሙሉ የሻይ ክርክር ሰምታ አንድ ስንዝር አልተራመደችም። ውጭ ጉሙ ተገልጦ የፖሊስ መኪናው ሹፌር ክላክስ እያንጫረረ ነው። በብስጭት የሐጂን ብርጭቆ አንስታ የቀረውን ሻይ ወደ ሳህን ገለበጠችው። ቲባጉ ወጣ፤ ከሥሩ የቅጠል ፍርፋሪና የቅርንፉድ ራስ ተከተለ።

«ይህን አይተኸዋል?» አለችው አወቀን።

«ቲባግ ነው ብያለሁ እኮ።»

መስታወት ሁሉንም ሰብስባ የራውዳን ካቴና አስፈታች።

«ብርድ ገደለኝ። ሦስታችሁም በቲባግ አንድ አንድ ሻይ ሥሩልኝ።»

ጀላሉ ክሩን ፈትቶ ከረጢቱን ነከረና በክሩ ጫፍ ያለችውን ወረቀት ከብርጭቆው ውጭ አንጠለጠላት። ራውዳም እንደዚያው አደረገች። ሲዲቃ ቲባጉን በሁለት ጣት ያዙና እንደ ስኳር ጣል አደረጉት፤ ክሩ እንደተጠቀለለ፣ ወረቀቷም አብራ ሰጠመች።

መስታወት ሳህኑን አጠገባቸው አስቀመጠች። እዚያም ያለው ከረጢት ክሩ አልተፈታም።

«ሐጂ የጠጡት ይህን ቲባግ አይደለም» አለች። «የብርጭቆው ሥር ቅጠልና ቅርንፉድ ነው፤ ሻዩ የተቀዳው ከበራዱ ነው። መርዙም እዚያ ሻይ ውስጥ ነበር። ቲባጉን ኋላ የጨመረው ሰው ነገሩን ወደ ራውዳ ሊያዞር ፈልጓል። ራውዳ ብትሆን ራሷን አትጠቁምም። ጀላሉም ንግዱ ነው፤ ክሩን ሳይፈታ አይነክርም። ይህን ያደረገው ቲባግ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። እትዬ ሲዲቃ፣ ከበራድዎ አልጠጣም ያሉኝ ለምንድን ነው?»

ሲዲቃ የሰጠመችውን ወረቀት በማንኪያ አወጧት።

«ወንድሜ ‹ይብቃሽ፣ ዕረፊ› አለኝ» አሉ። «ምድጃውን ትቼ የት ልቀመጥ? እኔ ያቀረብኩለትን እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ዛሬም ጠጣልኝ።»

አወቀ ካቴናውን ይዞ ተጠጋ። ራውዳ ልጇን ከጓዳ አምጥታ ጡቷን እያጎረሰችው በራፉ ላይ ቆመች።

«የቲባጉን አሠራር ላሳይዎ ብዬ ነበር፣ እትዬ» አለች። «ስንቴ ለመንኩዎት።»