ቀጭኑን ቅጂልኝ

የትምወርቅ መጀመሪያ ያየችው እግሮቹን ነው። ዲላ ገበያ ዳር ካለው ሱቋ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ መኪና ቆማለች፤ ከሥሯ ሁለት ረጃጅም እግሮች ወጥተዋል።

«ኧረ የሰው ያለህ! ሞቷል እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«አልሞትኩም፣ እህቴ» አለ ከሥር የመጣ ድምፅ። «እንዲህ ከጮኽሽ ግን መሞቴ አይቀርም!»

ሲወጣ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ ይስቃል። ደመላሽ ይባላል፤ የጣሊያኑ ቡና ነጋዴ ሾፌር ነው። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ የነጭ መኪና የሚነዳን ሰው ከተማው በክፉ ዓይን ያየዋል። የትምወርቅማ ታላቅ ወንድሟ ጉግሳ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል። ልታኮርፈው ሞከረች... አልሆነላትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ደመላሽ ዘይት በፈለገ ቁጥር ወደ እሷ ሱቅ ይመጣ ጀመር። ከሱቁ ጓሮ ሁለት በርሜል የሞተር ዘይት አለ። አንደኛው ለትላልቆቹ ካሚዮኖች የሚሆን፣ እንደ ማር የሚጎተት ወፍራም ነው። ሌላው ቀጭን ነው። ደመላሽ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል።

«ቀጭኑን ቅጂልኝ።»

«ምነው ሁልጊዜ ቀጭኑን?»

«ይበቃታል። ትንሽ ናት።»

የትምወርቅ ይህን ስትሰማ ሆዷ ይባባል። እናቷ ያሳደገቻት እንግዳ «ይበቃኛል» ሲል እሺ እንዳትል ነው። ይበቃኛል ያለ ሰው አፍሮ ነው፤ ይጨመርለታል። ወተት ከሆነ ከላይ የረጋው፣ ማር ከሆነ ወፍራሙ ይሰጠዋል። ቀጭን ነገር ለማይወዱት ሰው ነው የሚቀዳው። እሷ ደግሞ ደመላሽን... ወዳዋለች። ታዲያ እንዴት ቀጭኑን ትስጠው?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደመላሽ ወደ ገደብ ከተማ ከመሄዱ በፊት አሮጌውን ዘይት ሊለውጥ መጣ። መኪናዋ ሥር ገብቶ የዘይቱን መውጫ ሲያጠብቅ፣ «እኔ ልሙላልህ!» አለችው።

«ትችያለሽ?»

«መቅዳት ምን ያቅተኛል!»

ከወፍራሙ ቀዳች። ቀስ ብሎ፣ እያብለጨለጨ ሲወርድ ደስ አላት። ምንም አልነገረችውም። ሲመለስ ዘይቱ ለመኪናዋ እንዴት እንደተስማማት ራሱ ይነግራታል ብላ አሰበች።

ሲመለስ ግን ታስሮ ነበር።

ወሬውን ያመጣላት የጣሊያኑ አስተርጓሚ ሰይድ ነው። ገደብ ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። መኪናዋ እዚያ አድራ ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ሄዳ ሞተሩ ጮኸ፤ ከዚያ ደርቆ ቀጥ አለ። ነጋዴው «የሽፍቶች ሥራ ነው፣ ሆን ብለህ ነው ያበላሸኸው!» ብሎ ደመላሽን በጠመንጃ ሰደፍ ጆሮው ላይ መታው።

«ምን አለ እሱ?» አለች።

«ተሳስቼ ወፍራም ዘይት የሞላሁት ራሴ ነኝ አለ። ይገድሉታል፣ የትምዬ...»

የትምወርቅ እዚያው ቁጭ አለች። እጇን አየችው። ይህ እጅ ነው የቀዳው።

ቆጮና ጎመን ይዛ ወደ እስር ቤቱ ሄደች። ደመላሽ በአጥሩ ክፍተት አያት፤ የግራ ጆሮው በደረቀ ደም ተሸፍኗል። ፊቱን አዞረ።

«ለምን መጣሽ?»

«ደመላሽ፣ እኔ...»

«አውቃለሁ። ሞተሩን ስከፍተው አየሁት። ለጉግሳ ብለሽ ነው። ለአገር ነው፤ አልፈርድብሽም። ግን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔን መጫወቻ ታደርጊኛለሽ?»

«በማርያም! ወፍራሙ የተሻለ መስሎኝ ነው! ላንተ ቀጭን መቅዳት አሳፈረኝ...»

«ሂጂ፣ የትምወርቅ። ስምሽን አልጠራሁም፤ አልጠራምም። ሂጂ።»

አላመናት። ከመታሰሩ ይልቅ ይህ አንገበገባት።

በማግስቱ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣ ሁለት ብርጭቆ ዘይት፣ አንዱን ቀጭን ሌላውን ወፍራም፣ ይዛ ከነጋዴው ግቢ ቆመች። ብርጭቆዎቹን ውጭ ብርድ ላይ ነበር ያሳደረቻቸው።

«ሰይድ፣ የምለውን አንዲት ሳታስቀር ተርጉምልኝ። ዘይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ሰይድ ደነገጠ። «አበድሽ እንዴ?»

«ተርጉም!»

ሁለቱንም ብርጭቆዎች አዘነበለች። ቀጭኑ ወዲያው ፈሰሰ። ወፍራሙ ከብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እየተጎተተ ቀረ።

«ትናንት ማታ ነው የገባኝ። ወፍራሙ በብርድ አይሮጥም፤ ሞተሩ ውስጥ አይደርስም። እኛ ለምንወደው ሰው ወፍራሙን ነው የምንቀዳው። ደመላሽ ምንም አያውቅም፤ ራሴ ሞላሁ ያለው እኔን ሊደብቅ ነው።»

ነጋዴው ዓይኑን አጥብቦ አንድ ነገር ተናገረ።

«ወንድምሽ ጫካ ነው ይባላል፤ እሱ ነው ያዘዘሽ ይላል» አለ ሰይድ።

«ጉግሳ ቢያዘኝማ አሸዋ ነበር የምጨምረው! ምን ዘይት ያስመርጠኛል?»

«ይህንንም ልተርጉም?» አለ ሰይድ ድምፁ እየጠፋ።

«ይህንንም!»

ነጋዴው ብርጭቆዎቹን ተቀብሎ ውስጣቸውን አየ። ከኢዲዶ መንደር የሚጫነው ቡና ደርሷል፤ ያችን መኪና ከደመላሽ በቀር የሚጠግናት የለም። ርኅራኄው ይሁን ቡናው፣ ብቻ እንዲፈቱት አዘዘ። በርሜሎቹን ግን አስወረሰ፤ የትምወርቅ ሱቅ ዳግመኛ ዘይት እንዳይሸጥ ከለከለ።

ደመላሽ እንደተፈታ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣ። ሰይድ መንገድ ላይ ሁሉን ነግሮታል። በሩን ይዞ ቆመ።

«አሸዋ አልሽ?»

«አልኩ።»

«ለጣሊያን፣ በፊቱ፣ አሸዋ?» ሳቀ። እየሳቀ እንባው ወረደ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ የትሜ። ልብሽን አላመንኩትም።»

«ይቅር በለኝ...»

«ምን አልሽ? በቀኝ በኩል ሆነሽ ንገሪኝ። ግራው አይሰማም።»

የትምወርቅ ወደ ቀኙ ዞረች፤ ጆሮው በሰደፉ እንደደነቆረ ያን ጊዜ ገባት።

ከመኸሩ በኋላ ተጋቡ። ደመላሽ ስለዚያ ጉዳይ እንዳታነሳ አስማላት። «ይቅርታ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!» አላት። ማለች። ግን ጥፋቷ አላስተኛ አላት። እሱ ሳያውቅ ወደ ግራው ትዞርና፣ በማይሰማው ጆሮ ሥር፣ «ይቅር በለኝ» ትለዋለች። እጁን ስታስታጥበው፣ ልብሱን ስትሰጠው፣ ልጃቸውን ስታሳቅፈው... ሁልጊዜ በግራ በኩል።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ጉግሳ ከጫካ ተመለሰ፤ ነጋዴውም ትንሿን መኪና ጥሎ ሸሸ። ደመላሽ አስነስቶ ከቤታቸው ደጃፍ አቆማት። የትምወርቅ ልጇን አዝላ፣ የዘይት ቆርቆሮ ይዛ ቀረበች።

«ቀጭኑ ነው... ሦስቴ አይቼዋለሁ። አንተም እየው።»

«አላይም። ሙይው።»

ጎንበስ ብላ ስትሞላ ግራ ጆሮው አጠገቧ ሆነ። እንደ ልማዷ በሹክሹክታ፣ «ይቅር በለኝ» አለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለ ደመላሽ።

ቆርቆሮው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «ትሰማለህ?!»

«ጆሮው አይሰማም። ግን ትንፋሽሽ አንገቴን ይነካኛል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይቅርታ መሆኑን ከሠርጋችን ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለ፤ የቆርቆሮውን ክዳን ከእጇ ወስዶ ገጠመው። «ዝም ያልኩሽ እስኪወጣልሽ ብዬ ነው። አሁን ይበቃል፣ የትሜ። ግቢና ወተት ስጪኝ።»

«ከየትኛው?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ለመኪናዋ ቀጭኑን ሰጥተሻታል» አለ ደመላሽ። «ለእኔ ወፍራሙን ቅጂልኝ!»